እብነ በረዱ ሪባን ለቆረጠው ብቻ ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሳችሁ ነገር አለኝ። ወቀሳው እኔንም ይጨምራል።

በቀደም አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የድሮ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆምኩ። ሙዚቀኛ ያፈራ ግቢ ነው። ግድግዳው ላይ እብነ በረድ አለ። ተጠግቼ አነበብኩት። ክቡር ሚኒስትር እገሌ በዚህ ቀን መርቀው ከፈቱት ይላል። ጠርዙ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ተልጦ ሙጫው ደርቋል። እዚያ ስለተማረ ልጅ ግን አንድ ፊደል የለም። ጥበቃውን አባት "እዚህ እኮ ትልቅ የዜማ ደራሲ ተምሯል፣ ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ይባላል" አሉኝ።

ያንገበገበኝ ይቺ ቃል ናት። ሪባን የቆረጠው ሰው በድንጋይ ተጽፎ፣ ዜማ የሰጠን ልጅ "ይባላል" ሆኖ ይቀራል?

እኛ እኮ ይህ ነገር የማይገባን ሕዝብ አይደለንም። ስለ ቅዱስ ያሬድ የሰንበት ተማሪ የሆነ ልጅ ጠይቁ። ትምህርት አልገባ ብሎት አጎቱ ጌዴዎን እንደገረፈው፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ፣ ትሏ እየወደቀች እየተነሳች ስትወጣ እንዳየ ይተርክላችኋል። የ6ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው! አባቶቻችን ድጓውን ብቻ አላወረሱንም። የተማሪነቱንም ዘመን ከነእንባው አቆይተውልናል።

እኛስ ለልጆቻችን ምን አቆየን? ሙላቱ አስታጥቄ ከጅማ ተነስቶ ዌልስ የሄደው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ለሙዚቃ መፈጠሩ የታወቀው እዚያ፣ ሬክሳም ከተማ አጠገብ ባለ ትምህርት ቤት ነው። ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ6 ዓመታቸው ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ቫዮሊን የጀመሩት እዚያ ነው። ይህን ያነበብኩት ውጭ አገር ከታተመ የሸክላ ሽፋን ላይ ነው። አገሬ አልነገረችኝም።

ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችስ? "አርባ ልጆች" ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ የቤተ መንግሥት የሙዚቃ ባንድ የሆኑት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰልን ሰው ነው። የት ግቢ ይለማመዱ እንደነበር መንገደኛ አቁማችሁ ብትጠይቁ ስንቱ ይመልስላችኋል?

ሲሞቱማ እናውቅበታለን። ባንዲራ እናለብሳለን፣ የሕይወት ታሪክ እናነባለን፣ መቃብሩ ላይ ሐውልት እናቆማለን። ግን በየቀኑ መቃብር ቤት የሚሄድ ልጅ የለም። ልጅ በየቀኑ የሚያልፈው በትምህርት ቤት በር ነው። "እንደ እኔ ደብተር ይዞ በዚህ በር የገባ ሰው ነው" ማለት ያለበትም እዚያው ቆሞ ነው።

መንግሥት ይሥራው አትበሉኝ። የቀድሞ ተማሪዎች ነን ብላችሁ በየዓመቱ ትሰበሰባላችሁ። ቲሸርት ታሳትማላችሁ፣ እራት ትበላላችሁ፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ደግ አድርጋችኋል። ከዚያ ላይ ለአንድ እብነ በረድ የሚሆን ማዋጣት ያቅታችኋል?

ሦስት መስመር ይበቃል። ስሙ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደተማረ፣ ያስተማረው መምህር ስም። መምህሩን አደራ! ያኔ ጆሮ የሰጠው እሱ ነው። ድንጋይ ላይ "ይባላል" አይጻፍምና መጀመሪያ አጣሩ። መዝገብ ቤት ገብታችሁ የድሮውን ሮስተር ምስጥ ሳይጨርሰው አውጡ። አብረው የተማሩት አርጅተዋል፤ ዛሬውኑ ሂዱና ጠይቋቸው።

ስትሰቅሉት ደግሞ እንደ ሚኒስትሩ ከፍ አታድርጉት። የሁለተኛ ክፍል ልጅ በጣቱ እየተከተለ ሊያነብበት የሚችልበት ቦታ ላይ ይሁን።