«ልጅዎን ገዳም ሊያስገቡ ነው?»

ባለፈው ሳምንት በዋሽንግተን አካባቢ በሚተላለፍ አንድ የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ ስለ ኮሌጅ ምርጫ ውይይት ነበር። አንድ አባት ደውለው ልጃቸው ኢንዲያና የሚገኘው ዋባሽ ኮሌጅ እንደተቀበለው፣ ኮሌጁ ወንዶችን ብቻ የሚያስተምር መሆኑን፣ እርሳቸውን ግን ያሳሰባቸው ክፍያው እንደሆነ በትሕትና ተናገሩ። የትምህርት አማካሪ ነኝ ያሉት እንግዳ የክፍያውን ጥያቄ ከነአካቴው ዘለሉትና «ልጅዎን ገዳም ሊያስገቡ ነው?» ብለው ሳቁ፤ አዘጋጁም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያም የወንዶች ኮሌጅ ዘመን ያለፈበት፣ ሕግን የሚጻረር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ሴት ማነጋገር የማይችል ወንድ የሚያመርት» ተቋም እንደሆነ አስረዱን። እኔ የዚያው ኮሌጅ ምሩቅ ነኝና ገለልተኛ ነኝ ብዬ አንባቢን አላታልልም።

ከመጨረሻው ክስ ልጀምር፤ ከሁሉም ሰነፉ እርሱ ነውና። ይህን ክስ የሚያምን ሰው፣ አንድ ወጣት ከእናቱ፣ ከእህቶቹ፣ ከአክስቶቹና ከጎረቤት ልጆች ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖሮ ያላገኘውን አንደበት፣ በፊዚክስ ክፍል አጠገቡ የተቀመጠች ልጅ ታወርሰዋለች ብሎ ማመን ይኖርበታል። ዋባሽ ሴት ፕሮፌሰሮች አሉት፤ የመጀመሪያውን ድርሰቴን በቀይ እስክሪፕቶ እንደ ማሳ አርሰው የመለሱልኝ መምህር ሴት ነበሩ፤ በእርሳቸው ፊት አፌን ከፍቼ መከራከር የተማርኩትም እዚያው ነው። አትላንታ ያለው የወንዶች ኮሌጅ ሞርሃውስ የሴቶቹ ኮሌጅ የስፔልማን ጎረቤት ነው፤ የአንዱ ተማሪ በሌላው ግቢ ኮርስ ይወስዳል። ደግሞስ ሴትን ማክበር አብሮ በመቀመጥ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ወንድና ሴት ተደባልቀው በሚማሩባቸው ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በአሜሪካም ሆነ በአገራችን፣ ሴት ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታቸው በምሽት ሲመለሱ ለምን ይጨነቃሉ?

እንግዳው ያልጠየቁት፣ አንድ ወንድ ልጅ ሴት ተማሪ በሌለበት ትንሽ ኮሌጅ ምን ይሆናል የሚለውን ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ መሸሸጊያ ያጣል። የጨረስኩት ሜሪላንድ ውስጥ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ የተማሪዎቹን ጋዜጣ የሚያዘጋጁት ሴቶች ነበሩ፤ በመዘምራኑ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ የክበቡን ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት ነበረች፤ በቡድን የተሰጠንን ሥራ ሌሊቱን ተቀምጣ ጽፋ የምትጨርሰውም ሴት ነበረች፤ እኛ ወንዶቹ ከኋላ ወንበር ላይ ኮፍያችንን ደፍተን፣ ልብ ወለድ ሲያነቡ መታየትን እንደ ነውር ቆጥረን፣ በእነርሱ ድካም ማርክ እንካፈል ነበር። ማንም እንዲህ ሁኑ አላለንም፤ ልማዱ ራሱ ከፋፍሎን ነበር። ከ900 የማይበልጡ ተማሪዎች ባሉበት፣ አንዳንዱ ክፍል አሥራ ሁለት ሰው በማይሞላበት ዋባሽ ግን ሥራውን የምናሸክማት ሴት አልነበረችም። ጋዜጣውን ወንድ ያዘጋጃል፤ ግጥም የሚጽፈው፣ በክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» የሚለው፣ የታመመውን የሚያስታምመው፣ ቤተሰቡ ናፍቆት ሌሊት የሚያለቅሰውን ጓደኛውን ሻይ አፍልቶ የሚያጽናናው ሁሉ ወንድ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ከተቀናቃኛችን ከዲፖው ዩኒቨርሲቲ ጋር በሚደረገው ግጥሚያ የሚፋለመው ግዙፍ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ማክሰኞ ማታ በመዘምራኑ መካከል ቆሞ በቀጭን ድምፅ ሲዘምር አይቻለሁ፤ የሳቀበት ግን አልነበረም፣ ለመሳቅ የሚያስችል ትርፍ ሰው ስላልነበረ።

በአሜሪካ ኮሌጆች እ.ኤ.አ. በ1970 ከመቶ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች 42 ያህሉ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ 58 ገደማ ናቸው። ሴቶቹ መግፋታቸው የሚያኮራ ነው። ወንዶቹ ያነሱት ግን ሥራውን ለሴቶች ትተው ወደ ኋላ ወንበር መሸሽን ከልጅነታቸው ስለለመዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሌላ ምክንያት የሚያቀርብልኝ ሰው መጀመሪያ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ገብቶ ከኋላው ወንበር ማን እንደተቀመጠ ይቁጠር።

ወደ «ገዳሙ» እንመለስ። በመከር ወቅት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋባሽ ጸሎት ቤት ደጃፍ ተሰልፈው፣ ነባሮቹ ፊታቸው ላይ እየጮኹባቸው፣ የኮሌጁን ረጅም መዝሙር አንድም ቃል ሳይስቱ ደጋግመው ይዘምራሉ። ይህ ጨዋታ ነው፤ ለእንግዳው ሳቅ ልተውላቸው። በአራተኛው ዓመት ግን ማንኛውም ተማሪ፣ በሒሳብም ሆነ በታሪክ፣ ከጽሑፍ ፈተናው በኋላ ሦስት ፕሮፌሰሮች ፊት ብቻውን ተቀምጦ በአራት ዓመት ስለተማረው ሁሉ በቃል ይጠየቃል። ከሦስቱ አንዱ ከትምህርት ክፍሉ ውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ ኬሚስትሪ ያጠናው ልጅ ስለ ሥዕል ወይም ስለ ፍልስፍና ሊጠየቅ ይችላል። ጎጃም ውስጥ ቅኔ የቆጠሩት አያቴ ቢያዩት ወዲያው ያውቁት ነበር፤ በቅኔ ቤትም ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርማል፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ፣ የሚሸሽበት የኋላ ወንበር የለም። እንግዳው ሊሰድቡ ያነሡት ቃል ሳያውቁት ምስጋና ሆኖባቸዋል።

የዋባሽ ተማሪ የሚመራበት ደንብም አንድ ብቻ ነው፤ በግቢውም ከግቢው ውጭም፣ ሁልጊዜ፣ እንደ ጨዋ ሰውና እንደ ኃላፊ ዜጋ መመላለስ። (ቤተ ክህነት ያልተማረውን ሰው «ጨዋ» እንደምትለው አልዘነጋሁም፤ አያቴም ትርጉሙን ስነግራቸው በዚሁ ስቀውብኛል።) የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ መቶ ገጽ መመሪያ ሲሰጡት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ግን በእያንዳንዱ ቅዳሜ ማታ ራሱን እንዲጠይቅ ይገደዳል።

ሕግን ይጻረራል የተባለው ብዙ ቀለም አይገባውም። በትምህርት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው፣ ታይትል ናይን የሚባለው የ1972 ሕግ የግል ኮሌጆችን የመጀመሪያ ዲግሪ ቅበላ ከክልከላው ውጭ አድርጓል፤ ወንዶችን ብቻ መቀበልን የከለከለው የ1996ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ደግሞ የቨርጂኒያ መንግሥት የሚያስተዳድረውን ወታደራዊ ኮሌጅ የተመለከተ ነው። ለወላጅ ምክር የሚሰጥ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። ይልቅ የገረመኝ፣ እኚሁ እንግዳ በዚያው ዝግጅት ሴቶችን ብቻ የሚያስተምረውን ዌልስሊ ኮሌጅን ለሴት ልጆች ከሁሉ የተሻለ ብለው ማወደሳቸው ነው። የሴቶች ኮሌጆች የተመሠረቱት የወንዶቹ በር ስለተዘጋባቸው ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያ በር ከተከፈተ በኋላም ዌልስሊና ስፔልማን አልተዘጉም፤ አንዲት ወጣት ከሴቶች ጋር ብቻ በመማር የምታገኘው ነገር ስላለ ነው። ለልጃገረዶቹ ጥበብ የሆነው ለወንዶቹ ሲሆን የሚያሥቀው በምን ስሌት ነው? አባቶቻችን ስለ ጄኔራል ዊንጌት አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያወሩ እንባቸው ይቀርባል፤ እርሱንም «ገዳም» ብሎ የሳቀ አልሰማሁም።

አንድ ነገር ልቀበል። እ.ኤ.አ. በ1992 የዋባሽ ባለአደራዎች ኮሌጁ የወንዶች ሆኖ እንዲቀጥል ሲወስኑ፣ ከመምህራኑ አብዛኞቹ ሴቶች እንዲገቡ ይፈልጉ ነበር። መምህራኑ ሞኞች አልነበሩም። ሆኖም ቀድሞ የወንዶች የነበሩት የል፣ ፕሪንስተን፣ ዳርትመዝና አምኸርስት ሁሉም በራቸውን ለሴቶች ከፍተዋል፤ ድብልቅ ኮሌጅ የፈለገ ወጣት በሺዎች ከሚቆጠሩት መካከል ይመርጣል። የወንዶች ሆነው የቀሩት ዋባሽ፣ ሃምፕደን ሲድኒ፣ ሞርሃውስና ሌሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1948 የተመረቀው ከሞርሃውስ ነው፤ ያን ጊዜ ኮሌጁን የሚመሩት ቤንጃሚን ሜይስ ወጣቶቹን ጸሎት ቤት ሰብስበው ያስተምሯቸው ነበር። እነዚህ ጥቂቶችም ይዘጉ የሚለው ሰው ስለ ብዝኃነት ባያስተምረን እመርጣለሁ።

የደወሉት አባት ግን ያልተመለሰላቸው የክፍያ ጥያቄ አለ። አባቴ፣ በድረ ገጹ የሚታየው በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ የሆነ ዋጋ አያስደንግጥዎ፤ አብዛኛው ተማሪ ያንን ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ሞልተው ከሆነ፣ ከላኩልዎ ደብዳቤ ላይ ብድሩን ለይተው ያውጡና የማይመለሰውን ስጦታ ብቻ ከዋጋው ይቀንሱ፤ የቀረውን ሌሎቹ ኮሌጆች ከሚጠይቁት ጋር ያነጻጽሩ። ካነሰብዎ ደግሞ ለገንዘብ እርዳታ ቢሮው በግልጽ ይጻፉላቸው፤ የተለመደ ነገር ነው። ምርጫውን ለኮሌጁ የሚያሳውቅበት ቀን ሜይ 1 ከመድረሱ በፊት ልጅዎ ግቢው ውስጥ አንድ ሌሊት እንዲያድር ይጠይቅና የፈለገው ክፍል ገብቶ ይቀመጥ። አማካሪውንም ይዘዋቸው ቢሄዱ አልቃወምም፤ ከኢንዲያናፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው።