የማይበላውንም ዓሣ ቁጠሩት

ዋይት ሐውስ እንደ ፈረንጆቹ ለ2026 የበጀት ዓመት የኖዋን፣ ማለትም ባሕሩንና አየሩን የሚከታተለውን የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የምርምር ክንፍ እንዳለ ልዝጋው ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ ተናድጄ ነበር። የባሰ ያናደደኝ ግን እዚሁ ሳንዲያጎ ቡና ላይ ሆነን የአገሬ ልጅ የተናገረው ነው። «ልክ ናቸው» አለ። «የምንበላው ዓሣ ያለው ዳር ላይ ነው። መርከብ ነድቶ መሀል ውቅያኖስ ድረስ ሄዶ የማይበላ ዓሣ እጭ መልቀም ምን የሚሉት ሥራ ነው? ሳተላይት አለ አይደል!»

ሳተላይት! ሳተላይት የሚያየው የውሃውን ገጽ ነው፤ ሙቀቱንና ቀለሙን። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል፣ መስታወት የመሰለች እጭ የሰርዲን ትሁን የአንቾቪ (እሱም እንደ ሰርዲን ትንሽ ዓሣ ነው) ከሰማይ ሆኖ የሚለይ ካለ ይምጣና አፌን ልዝጋ።

ካልኮፊ የሚባለው፣ በካሊፎርኒያ ባሕር መርከብ እየላከ የዓሣ እጭ የሚቆጥረው ቅኝት፣ በ1949 የተጀመረው እኮ ሰርዲኑ ካለቀ በኋላ ነው። በ1930ዎቹ በደጉ ዓመት ከ600,000 ቶን በላይ ይዛቅ የነበረ ዓሣ ድራሹ ሲጠፋ ነው መርከብ የተላከው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አሁን ልብ በሉ። ዳር ዳሩን ከታች ቀዝቃዛና ምግብ የሞላው ውሃ ይወጣል፤ የቅኝቱ መርከብ መረብ ውስጥ የአንቾቪና የሮክፊሽ (ሌላ የሚበላ ዓሣ) እጭ ይበዛል። ወደ ውጭ ሲኬድ ውሃው ይሞቃል፣ ይጠራል፣ የሚወጣው ደግሞ የፋኖስ ዓሣ (ሰውነቱ የሚያበራ፣ የጥልቅ ውሃ ትንሽ ዓሣ) ዘር ነው። እናቱ ጨለማው ጥልቀት ውስጥ ትውላለች፣ ልጁ ላይኛው ውሃ ላይ ያድጋል። ይሄን ዓሣ እዚያ የሚያጠምደው የለም። ቁም ነገሩም ይሄው ነው! ሰርዲን ሲጠፋ ግማሹ «አጥማጁ ጨረሰው» ይላል፣ ግማሹ «ባሕሩ ነው» ይላል፣ ክርክሩም በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እንደምንባባለው ማለቂያ የለውም። ማንም ያልነካው ዓሣ እጭ ሲያንስ ግን በማን ይሳበባል? ጥልቁ ውሃ ኦክስጅን ሲያጥረው የእነዚህ እጭ አብሮ እንደሚቀንስ የታወቀው፣ ያ «የማይረባ» ዓሣ ለአሥርተ ዓመታት ስለተቆጠረ ነው። ዳር ዳሩን ብቻ ሲለቅሙ ቢኖሩ ኖሮ ዛሬም ቡና ላይ እንደኛ ይጨቃጨቁ ነበር።

ደግሞ ዳርና መሀሉ በአጥር አልተከለለም። ከ2014 እስከ 2016 ባሕሩ ሲሞቅ የሩቆቹ ወደ ዳር ተጠግተው ታዩ። አንቾቪም ብርድ ወዳድ ነው ሲባል ኖሮ በዚያው ሙቀት ሰሞን ይበዛ ጀመር፤ ሊቃውንቱን ጉድ ሠራቸው። መርከብ ውድ ነው፣ እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ።

በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ዋናው የሰርዲን ማጥመድ ከ2015 ጀምሮ ዝግ ነው። ወዳጄ መቼ እንደሚከፈት ሳተላይቱን ይጠይቅልን።