ማስተካከያ፦ በኤሮቢክ ጂምናስቲክ ውድድር ስለ ዕድሜና ስለ ቡድን ብዛት

ለኤሮቢክ ጂምናስቲክ (በሙዚቃ ታጅቦ ለሚሠራው የጂምናስቲክ ዓይነት) ተወዳዳሪዎች ቀደም ሲል በቀረበው መረጃ፣ በአዋቂዎች ምድብ ለመሰለፍ በውድድሩ ዕለት 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው ተብሎ ነበር። በዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ደንብ ግን የሚታየው ዕለቱ ሳይሆን ዓመቱ ነው፤ 18 ዓመት በውድድሩ ዓመት ውስጥ መሙላት ይበቃል። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማለትም በዲሴምበር 2008 የተወለደች ልጅ፣ በ2026 መባቻ ገና 17 ዓመቷ ቢሆንም መወዳደር ትችላለች። ቆጠራው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ስለሆነ የልደት ቀን በቅጹ ላይ ሲሞላ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደዚያ በጥንቃቄ ይመለስ፤ ስትለፋ የከረመች ልጅ በቀን ስሌት ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ከመድረክ መቅረት የለባትም።

በቡድን ምድብ የሚሰለፉትም አምስት እንጂ ስድስት አይደሉም፤ ስድስት የነበረው በቀድሞው ደንብ ነው። ለስድስት ሰው የተቀናበረ ትርዒት ያላቸው አሠልጣኞች ልምምዱ ሳይገፋ ከአሁኑ ይከልሱት። የአዋቂዎች መወዳደሪያ ወለል 10 በ10 ሜትር ነው መባሉ ትክክል ነው።