እከክ የሰጠ ጌታ

ነጠላ ጫማን የመሰለ የግል ንብረት የጂም ቤትን ደጃፍ ሲረግጥ የወል ሀብት ይሆናል። ሰሞኑን ወደ ሻወር ልገባ ስል አንድ ትከሻው የሰፋ ጎልማሳ «ጋሼ፣ አንዴ ነጠላ ጫማዎን ላድርጋት» ብሎ፣ መልሴንም ሳይጠብቅ፣ እግሩን ከተታት። ታጥቦ ሲወጣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በትንሿ የእግር ጣቱና በጎረቤቷ መካከል ያለውን ቆዳ ዓይኑን ጨፍኖ ያክከው ጀመር። ምን እንደሆነ ብጠይቀው «ላብ ነው» አለኝ።

ላብ ብቻ ቢሆን ምንኛ በታደልን! በአራተኛውና በአምስተኛው ጣት መካከል ነጣ ብሎ የራሰ፣ የሚላላጥ፣ አንዳንዴም የሚሰነጠቅና ጫማ ሲወልቅ የሚያሳክክ ቆዳ በአብዛኛው የፈንገስ ሥራ ነው። ደረትና ክንድ ላይ ሲወጣ ዳር ዳሩ ጎላ፣ መሃሉ ጠራ ብሎ ክብ የሚሠራውና ጭርት የምንለውም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ሙቀትና እርጥበት ስለሚስማማው፣ ሲሮጡበት የዋሉት ጫማ ውስጥ ተመችቶት ይኖራል፤ ከሚረግፈው የቆዳ ቅርፊት ጋርም በሻወር ወለል፣ በፎጣና ባለቤቱ ባልፈቀደው ነጠላ ጫማ አማካይነት ወደ ሌላው ሰው ይዘዋወራል።

እዚህ ላይ እጅግ የምወደውን ተረት ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፦ እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም። ችግሩንና ማስታገሻውን በአንድ ቀን የሚያድል ቸርነት ከዚህ በላይ በአጭሩ የተነገረበት ቦታ አላውቅም። ይሁን እንጂ ተረቱን የተናገሩት አባት ጂም ገብተው እንደማያውቁ እጠረጥራለሁ። ጥፍር እግርን አክኮ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ፈንገሱን ይዞ ብሽሽት ይደርሳል፣ ቆዳውንም ቧጥጦ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል። ከጥፍር ቀጥሎ የሚከሰሰው ደግሞ የውስጥ ሱሪ ነው፤ በእግር በኩል ሲጠልቅ የጣቶቹን ፈንገስ ጠራርጎ ወደ ላይ ይወስዳልና፣ የእግር ፈንገስ ያለበት ሰው ከውስጥ ሱሪው በፊት ካልሲውን እንዲያጠልቅ ይመከራል። እንግዲህ ካልሲ ብቻ አድርጎ በመልበሻ ክፍል መካከል የቆመ ሰው ብታዩ አትሳቁበት፤ ከመካከላችን ምክር የሰማው እሱ ሊሆን ይችላል።

እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የሚንጎራደደውን «ነጠላ ጫማ ብታደርግ» ያላችሁት እንደሆነ አበበ ቢቂላን ይጠራባችኋል። በእርግጥ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። ሆኖም እንደሚተረከው ጫማውን የተወው አዲሱ ጫማ እግሩን ውሃ ስላስቋጠረው እንጂ በመርህ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጫማና ነጭ ካልሲ አድርጎ ሮጦ ሰዓቱን በሦስት ደቂቃ አሻሻለ። ደግሞስ የሮም ጎዳና የጂም ቤት ሻወር ነው እንዴ?

አሁን የቆየ ቂሜን ላውጣ። በየጂሙና በየኳስ ቡድኑ አንድ አዋቂ አለ፤ በቦርሳው የያዛትን ጅራቷ የተጠቀለለ የቅባት ቱቦ ለጭርቱም፣ ለችፌውም፣ ለፊት ማቅያውም ያዞራል። ቅባቷ ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ (የጡንቻው ሳይሆን የቆዳ መቅላትንና ማሳከክን የሚያበርደው) አለባት። ስቴሮይድ ሐኪም ለችፌ ሲያዝዘው ደግ መድኃኒት ነው፤ ፈንገስ ላይ ሲቀባ ግን መቅላቱንና ማሳከኩን በጥቂት ቀን ያስተኛና የቆዳውን መከላከያ ስለሚያዳክም ፈንገሱ እንደ ልቡ ይስፋፋል። የጭርቱ ክብ ዳርቻም ስለሚደበዝዝ በኋላ ሐኪሙ ራሱ ምን እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። አዋቂያችን ግን ያዳነው የመሰለውን ሁሉ እየቆጠረ ይኩራራል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ቆዳው ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ነገሩ ይለያል። ፈንገስ ከሆነ እንደ ክሎትሪማዞል ያለው ተራ ቅባት ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል፤ በቀን ሁለቴ፣ እስከ አራት ሳምንት ድረስ ሊቀባ ይችላል እንጂ ማሳከኩ በቆመ ማግስት አይቋረጥም። በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅም ከመድኃኒቱ እኩል ነው። እኛ ግን ሦስት ቀን ቀብተን ቱቦውን ለተረኛው እናቀብላለን።

የከንፈር ምችስ? ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ሆኖ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ ነው፤ ፀሐይና ድካም ይቀሰቅሱታል እንጂ አይፈጥሩትም። ባለምቹ ዳማከሴውን ቢቀባ አልቃወምም፤ ከአፉ ያወጣውን ሃይላንድ ለአሥር ተጫዋች ማዞሩን ግን እቃወማለሁ። ብጉንጅ ያወጣውም ቢሆን ማፍረጡን ትቶ በሞቀ ጨርቅ ቢይዘው፣ ምላጭና ፎጣውንም ለራሱ ቢያደርግ ይሻላል።

ነጠላ ጫማዬን ረስቻት ነበር። ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለሐኪም ጫማውን አውልቆ እግሩን ለማሳየት የሚያፍር ሰው፣ የማያውቀውን ሰው ጫማ ለማጥለቅ አያፍርም። እንቢ ያልሁት እንደሆነ ደግሞ ስስታሙ እኔ ነኝ። በትግል ስፖርት ተፋላሚው ምንጣፍ ላይ ከመውጣቱ በፊት ቆዳው ይመረመራል፤ የሚተላለፍ ነገር ከተገኘበትም አይጋጠምም። በእኛ የቅዳሜ ኳስ የሚመረመረው የሜዳ ኪራይ መዋጮ መከፈሉ ብቻ ነው።