ለበር ዘጊዎቻችን የቀረበ ምስጋና

እኔ መቼም ሰው ሲመሰገን ደስ ይለኛል፣ በተለይ ደሞ ለፍቶ ለፍቶ አመስጋኝ ያጣ ሰው። እዚህ ለንደን ውስጥ አመስጋኝ ያጣው ማነው ካላችሁኝ፣ ከገባ በኋላ በሩን የሚዘጋው ስደተኛ ነው። ራሱ ገብቶ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ ሻዩን አስቀድቶ ሲያበቃ ዞር ብሎ "ኧረ ይሄን በር ማነው የከፈተው፣ ብርድ ገባ እኮ!" የሚለው ሰውዬ። እሱ ባይኖር ይሄኔ ሁላችንም ደርቀን ነበር፣ ግን እስካሁን አንድ ሰው ተነስቶ እግዜር ይስጥልን ያለው የለም፣ ስለዚህ ዛሬ እኔ ልበለው።

ባለፈው እሁድ ካሌዶኒያን ሮድ አካባቢ አንድ ሃበሻ ቤት ቁጭ ብያለሁ። የቤቱን ስም አልናገርም፣ ክትፎው ግን አንደኛ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሰባዎቹን ገባ ያሉ፣ ከቤተክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ገና ያላወለቁ ሰው ናቸው። ቲቪው ያው እንደ ሁልጊዜው ከፈረንሳይ ስደተኛ ጭኖ የሚሻገር ጀልባ ያሳያል፣ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት፣ የዶቨር ወደብ፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው። ጋሼ ሪሞቱን እንደ ጭራ እያወዛወዙ "ደሞ መጡ!" አሉ፣ አባባላቸውን ብትሰሙት በ1066 ከድል አድራጊው ዊልያም ጋር አብረው የገቡ ነው የሚመስለው (እሱም እኮ በዛው ባህር በጀልባ ነው የመጣው፣ ቪዛ የጠየቀውም አልነበረም)።

"ፈረንሳይ ሰላም አገር አይደለም እንዴ? ምን ቆርጧቸው ነው ባህር የሚገቡት?"

ይቺ "ፈረንሳይ ሰላም አገር ነው" የምትባል ነገር የበር ዘጊዎች ውዳሴ ማርያም ነች፣ በየቀኑ ሳትታጎል ትደገማለች። እኔም ነገር ስለምወድ "ጋሼ፣ እርሶ በየት በኩል ነበር የመጡት?" አልኳቸው። አይጠየቅም እኮ ይሄ፣ አንዴ ከጀመሩ ክትፎው ይቀዘቅዛል። በ77 ነው፣ በኛ አቆጣጠር፣ በመተማ አርገው ሱዳን፣ ካርቱም ሁለት አመት፣ ከዛ ካይሮ፣ ከዛ ሮም አስራ አንድ ወር፣ ከዛ በሰው ፓስፖርት ሂትሮው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሰውዬ ጢማም ስለነበር ጢም አሳድገው ነው የገቡት፣ ይሄን ሲያወሩ አይናቸው ሁሉ ያበራል፣ ጀብድ ነው በቃ።

"ሮምስ ሰላም አልነበረችም እንዴ ጋሼ?"

"ሮም? ሮም ምን ስራ አለና!"

እንግዲህ ይቺ "ምን ስራ አለና" ነች የስደተኛ ጉዳይ በሚያየው መስሪያ ቤት፣ በሆም ኦፊስ ቋንቋ ኢኮኖሚክ ማይግራንት የምትባለው። ከጋሼ አፍ ስትወጣ ታሪክ ነች፣ ከጀልባው ልጅ አፍ ስትወጣ ግን ወንጀል። ይሄን ልዩነት ማሽተት የሚችል አፍንጫ ለማብቀል ቢያንስ ሰላሳ አመት እዚህ መኖርና የቤት ብድር ከፍሎ መጨረስ ያስፈልጋል፣ እኔ ገና ነኝ።

የጥገኝነት ኬዛቸውንማ ተዉት። የኢሕአፓ አባል ነበርኩ ብለው ነው የሰጡት። ያኔ የገባው ሁሉ ኢሕአፓ ነው፣ ሆም ኦፊስ ፋይል ውስጥ የተቀመጠው ኢሕአፓ በሙሉ ለትግል አሲምባ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ደርግ ሶስት ቀን አይቆይም ነበር። እውነተኞቹም ነበሩ እንጂ፣ ወፌ ላላ ተገልብጠው የውስጥ እግራቸው የተተለተለ፣ አንድ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፣ የሚገርመው እነሱ ጀልባ ቲቪ ላይ ሲመጣ ዝም ነው የሚሉት።

ይሄ ሁሉ ሲወራ ክትፎውን ያመጣልን ልጅ አጠገባችን ቆሟል። ሃያ ሶስት አመቱ ነው፣ ከሁለት ክረምት በፊት በዛው ባህር፣ በዛው አይነት የላስቲክ ጀልባ የገባ ልጅ ነው፣ ኬዙ እስካሁን መልስ የለውም። ሕጉ ደሞ እንዲህ ነው፣ መልስ እስኪመጣ መስራት አትችልም፣ አመት ካለፈህና መዘግየቱ በራስህ ጥፋት ካልሆነ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለህ፣ ቢፈቀድልህም ሊስት ላይ የተፃፉ ስራዎችን ብቻ ነው፣ ሽንኩርት መክተፍ ደሞ ሊስቱ ላይ የለም። ቤት ተሰጥቶህ ራስህ የምታበስል ከሆነ በሳምንት 49 ፓውንድ ከ18 ፔንስ ይሰጡሃል፣ ምግብ ያለበት ሆቴል ከሆንክ ግን አስር ፓውንድ እንኳ አትሞላም። ልጁ ሆቴል ነው። ስለዚህ ከጓዳ ሽንኩርት ይከትፋል፣ በካሽ፣ የቀኑ ስንት እንደሆነ ብነግራችሁ የበላችሁት አይወርድላችሁም።

የጋሼ ብቃት እዚህ ጋ ነው። "ሆቴል ተኝተው የኛን ታክስ ይበላሉ!" ይላሉ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ "ስራውንም እነሱ ናቸው የያዙት!" ይላሉ፣ ከዛ በዛው አፍ "አንተ፣ ሁለት ቁጥር ጋ ውሃ አድርስ እንጂ!" ሶስቱም በአንድ ደቂቃ ውስጥ። እንደዚህ አይነት ጭንቅላት የአለም ቅርስ ተብሎ ሊመዘገብ ይገባል።

ደሞ ጋሼ ብቻቸውን እንዳይመስሏችሁ፣ ሙያው እስከ ላይ ድረስ ነው የሚሄደው። በ2022 አፕሪል ላይ በጀልባ የሚመጣውን ሁሉ ሩዋንዳ እንልካለን ብላ የፈረመችው ሚኒስትር ፕሪቲ ፓቴል ነች፣ ወላጆቿ በስድሳዎቹ ከኡጋንዳ የመጡ። ለምናምን ነጥብ እየተሰጠ ቪዛ የሚታደልበትን ሕግ ስታወጣ በዚህ ሕግ ወላጆችሽ ይገቡ ነበር ወይ ስትባል ላይገቡ ይችሉ እንደነበር ራሷ አምናለች፣ ይሄን ነው ቆራጥነት ማለት! ከሷ ቀጥላ የመጣችው ሱዌላ ብሬቨርማን (አባት ከኬንያ፣ እናት ከሞሪሸስ) የሩዋንዳው አውሮፕላን ሲነሳ ማየት ህልሜ ነው አለች፣ ሰው ስለ ልጁ ሰርግ እንደሚያልመው። የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሱናክ የምስራቅ አፍሪካ ህንዶች ልጅ ነው፣ እሱ ደሞ "ጀልባዎቹን አስቁሙ" የሚል የተለጠፈበት አትሮኖስ ፊት ቆሞ መግለጫ ይሰጥ ነበር። አሁን በሌበር ፓርቲ ጊዜ ደሞ ወላጆቿ ከፓኪስታን የሆኑት ሻባና ማህሙድ በ2025 ኖቬምበር መጥታ ጥገኝነት ያገኘ ሰው በየሁለት አመት ተኩሉ ፋይሉ ይታይ፣ በጀልባ የገባ ደሞ ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት 20 አመት ይጠብቅ አለች። ከዴንማርክ ነው የተቀዳው፣ በ2016 ከስደተኛ ላይ ከ10 ሺህ ክሮነር በላይ የሚያወጣ ንብረት ይወረስ ብላ ሕግ ካወጣችው ዴንማርክ (የቀለበት ነገር ግን አይነካም፣ ሰው ናቸውና)። ጋሼ ሃያ አመት የምትለዋን ሲሰሙ አጨበጨቡ። እርሶ በስንት አመት አገኙ ብላቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሩዋንዳውማ ተቋረጠ፣ ወይኔ! መንግስት ሲቀየር ሂሳቡ ሲታይ 700 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቷል፣ የሄዱት አራት ሰዎች ናቸው፣ እነሱም በፈቃዳቸው። ለአንድ ሰው 175 ሚሊዮን መሆኑ ነው። የትኛው ንጉስ ነው በዚህ ዋጋ የተጓዘ?

ንጉስ ካልኩ አይቀር፣ በዚህ አገር የስደት ታሪክ ውስጥ በር ዘጊዎቻችን ገና ያልደረሱበት አንድ ኬዝ አለ። ሰውየው በ1936 (በነሱ አቆጣጠር) አገራቸው ላይ ጣልያን መርዝ ጋዝ ሲረጭ በባቡር ወጡ። መጀመሪያ ጅቡቲ። ጅቡቲ ያኔ የፈረንሳይ ነች፣ ፈረንሳይ ደሞ እንደምናውቀው ሰላም አገር ነው። እዛ አልቀሩም። ከዛ በመርከብ ሃይፋ፣ ኢየሩሳሌም፣ እዛም አልቀሩም። ከዛ ጂብራልታር፣ ከዛ መርከብ ቀይረው ሳውዝሃምፕተን። በመጨረሻ ባዝ ከተማ ሄደው ፌርፊልድ የሚባል ቤት ገዝተው እስከ 1940 ተቀመጡ። ጃንሆይ ናቸው እንግዲህ። ጋሼ የሳቸውን ፎቶ በትልቁ ፍሬም አርገው ከካሸሩ በላይ ሰቅለዋል፣ ልክ ከቲቪው ጎን፣ ጀልባው ሲታይ ጃንሆይም አብረው ይታያሉ። ባሁኑ ሕግ ቢሆን በመጀመሪያው ኢንተርቪው "ለምን ጅቡቲ አልቀሩም?" ተብለው ሪጀክት ነበሩ። ቤቱን በኋላ ለባዝ ከተማ ሰጥተውት ሽማግሌዎች ሲጦሩበት ኖሯል፣ ይሄ ግን ኢንተርቪው ላይ ነጥብ የለውም።

"እኔ እኮ ስደተኛ አልጠላም" አሉ ጋሼ፣ ጥርሳቸውን በስቴኪኒ እየጎረጎሩ፣ "በሕጋዊ መንገድ ይምጡ ነው የምለው።" ይቺም ቆንጆ ነች። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጥገኝነት ለመጠየቅ የእንግሊዝ መሬት ላይ መቆም አለብህ፣ ጥገኝነት ልጠይቅ ነው ብለህ የምታመለክተው ቪዛ ደሞ የለም። ለተወሰኑ ሰዎች ከተከፈቱ ፕሮግራሞች በቀር ማለት ነው። ሎተሪ ለመግባት መጀመሪያ ሎተሪ ማሸነፍ አለብህ እንደማለት ነው። የቱሪስት ቪዛ ይሞክር ካላችሁ ደሞ፣ ያው አዲስ አበባ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ለሸንገን፣ ለአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ማለት ነው፣ 90 ዩሮ ትከፍላለህ፣ ብትከለከል አይመለስም፣ ከ2024 ጀምሮ ደሞ መንግስታችሁ የሚባረሩ ዜጎቹን መልሶ አልቀበል አለ ተብሎ ለኢትዮጵያዊ መጠበቂያው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተገፍቷል። በዛኛው አቅጣጫ የሚመጣው ሰውዬ ስሙ ራሱ ማይግራንት አይደለም፣ ኤክስፓት ነው፣ ቦሌ ላይ ወርዶ ፀሃይ ሲሞቅ ማንም ኢኮኖሚክ ነህ አይለውም።

እውነት ለመናገር አውሮፓ መቀበል ስለማይችል አይደለም፣ ይችላል። በ2022 ዩክሬን ላይ ጦርነቱ ሲነሳ፣ ከ2001 ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አንዴም ያልተነካውን ጊዜያዊ ከለላ የሚባል ሕግ በሳምንት ውስጥ አውጥተው ስራ ላይ አዋሉት፣ እዚህም አገር ቤቱን ለከፈተ ሰው በወር 350 ፓውንድ ይሰጠው ነበር። ደግ ስራ ነው፣ ዩክሬኖቹም ይገባቸዋል። ብቻ የዛን ሰሞን የቡልጋሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር እነዚህ የለመድናቸው አይነት ስደተኞች አይደሉም፣ አውሮፓውያን ናቸው፣ የተማሩ ናቸው ሲል የሰማ ሃበሻ፣ "እኛ ነን እንዴ የለመዱን?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጋሼ ግን አልጠየቁም። "ልክ ነው፣ የነሱ ይለያል" አሉ።

ቤቱ ጭር ማለት ሲጀምር ሂሳብ ልከፍል ተነሳሁ። ጋሼ ልጁን በአይናቸው ጠሩትና ወደ ካሸሩ ጥግ ወሰዱት፣ ቲቪውን ድምፁን ጨመሩ፣ እኔ ግን ካርዴን ይዤ እዛው ነበርኩ።

"ያ ከካሌ ያሻገረህ ሰውዬ… ስልኩ አለህ?"

"አለኝ ጋሼ፣ ለማን ነው?"

"ለእህቴ ልጅ። ዳንኪርክ ከደረሰ ሶስት ሳምንቱ። የሱ እንኳ ኬዙ ሌላ ነው፣ እውነተኛ ነው።"

ልጁ ሽንኩርት የሸተተ እጁን ሽርጡ ላይ ጠርጎ፣ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን የደረሰኝ ጀርባ ላይ ፃፈላቸው። ጋሼ መነፅራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡት፣ ደገሙት።

"ኮዱ የፈረንሳይ ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ይሄውልህ፣ ፈረንሳይ እኮ ሰላም አገር ነው" አሉት፣ ወረቀቷን ከነጠላቸው ስር ደረት ኪሳቸው ውስጥ እየከተቱ።