ውዳሴ ክብ ማኅተም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የመሥሪያ ቤት በር ላይ ይህች ወረቀት ተለጥፋ ሰነበተች፦ «ማኅተም ያዥ ሥልጠና ላይ ስለሆኑ እስከ ዓርብ ባለጉዳይ አናስተናግድም።» ሥልጠናው በቀልጣፋ አገልግሎት አሰጣጥ ላይ ነው አሉ፤ እሱን እንለፈው። ተአምሩ ያለው ከወረቀቷ ግርጌ ነው። ክብ ማኅተም አርፎባታል፤ ጥርት ያለ፣ ወይን ጠጅ፣ ፊደሎቹ በቀለም ያልተደፈኑ፣ የፊርማውን ግራ ጫፍ በስሱ የነካ። ማኅተም እንደሌለ በማኅተም ተረጋገጠልን። ለባለጉዳይ ከዚህ በላይ የሚጨነቅ ካለ ይምጣና እንየው።

ይህ ሁሉ ተደርጎልን ሳለ አረቄ ቤት ተሰይመው «መንግሥት በዛ፣ ይቀነስ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ፊት ለፊታቸው ደግሞ «በዛ? የታለና! መንግሥት ቢኖር ሽንኩርት እዚህ ዋጋ ላይ ይደርስ ነበር?» የሚሉ ተቀምጠዋል። የሁለቱም መለኪያ አንድ ነው፤ ሚኒስቴር ይቆጥራሉ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ መሥሪያ ቤቱ 9 ነበር። በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1097 ከ28 ወደ 20 ወረደ። በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1263 ወደ 22 ወጣ። ቀንሱ ባዮች በ20ው ጊዜ አንድ ዙር አዘዙ፣ በ22ቱ ጊዜ ተከዙ፤ ጨምሩ ባዮች በተራቸው ተጽናኑ። የቀበሌው መሳቢያ ግን 9ኙንም 28ቱንም አልሰማም። ባለጉዳይ ዕድሜውን ሙሉ ከሚኒስትር ጋር አይገናኝም። የሚገናኘው ከመሳቢያ ጋር ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ደግሞ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የመንግሥትን ስፋት አጣርቶ ማወቅ የፈለገ አዋጅ አያገላብጥ። አጥሩ ይውደቅበት።

ዋልካ አፈር ክረምት ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በዚህ መሬት የተተከለ የባሕር ዛፍ ቋሚ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል። ሲበሰብስም ከጉድጓዱ ሥር አይጀምርም። የሚጀምረው ከመሬቱ ጋር ከተስተካከለው ወገቡ ነው፤ እርጥበትና አየር እኩል የሚያገኙት እዚያ ነዋ። ከዚያ ወዲያ አንድ የኅዳር ነፋስ ይበቃዋል።

መድኃኒቱን የሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 2 ሜትር ተኩል ቋሚ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ከታች 70 ሳንቲ ሜትሩ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። የሚቀበረው 60 ነው፤ 10ሯ ትርፍ ያችን የምትበሰብስ ወገብ እንድትሸፍን ናት። ዙሪያው በዋልካው ሳይሆን በድንጋይ ይጠቀጠቃል፣ ማገሩ በ4 ምስማር ይመታል። ሁለት ሰው፣ አንድ ዶማ፣ አንድ መዶሻ፣ ከቁርስ እስከ ምሳ።

እንዲህ ያለው ግን አባቱ ያልታወቀ አጥር ነው። ሕጋዊ አጥር የሚበቅለው ከማመልከቻ ነው። በነጭ ወረቀት፣ «ጉዳዩ፦ የአጥር ጥገና ፈቃድ ስለመጠየቅ»። አባሪ፦ የመታወቂያ ኮፒ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ኮፒ፣ የዘመኑ ግብር ደረሰኝ ኮፒ። ፋይዳ ያወጣ ሰው እዚህ ላይ ደረቱን ይነፋል፤ የአሥር ጣቱን አሻራና የሁለት ዓይኑን ብሌን ሰጥቶ የተመዘገበ ነውና። ይንፋ። የፋይዳውንም ኮፒ ያመጣል። መዝገብ ቤት ገቢ ቁጥር ይሰጠውና ወረቀቱ ወደ ኃላፊው ይገባል፤ ኃላፊው ጥጉ ላይ አግድም «ለባለሙያ፦ ታይቶ ይቅረብ» ብለው ይመሩታል። ይህችን አግድም ጽሑፍ ሦስት ቀን ብቻ የጠበቀ ሰው ስለት ያግባ።

ባለሙያው መስክ መውጣት አለበት። መኪናው ነዳጅ የለውም። ባለጉዳዩ ባጃጅ ይዞ ይመጣል፤ ሜትር ይዘረጋል፤ አጥሩ ወደ መንገድ አለመግፋቱ ይለካል። የወደቀ አጥር ወዴት ሊገፋ እንደሚችል አይጠየቅም። ቀጥሎ የወሰንተኞች ፊርማ ነው፣ በሦስት ወገን። አንዱ ወሰንተኛ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ይኖራል፤ እህቱን ወክሏል፤ ውክልናው ግን «ቤት ለማከራየት» ይላል እንጂ ስለ ጎረቤት አጥር አያነሣም። ሌላ ውክልና።

ፋይሉ ሲመለስ ታላቁ ጥያቄ ይነሣል፦ አንድ ቋሚ መለወጥ ጥገና ነው ወይስ ግንባታ? ጥገና ከሆነ ግራ በኩል ያለው ቢሮ፣ ግንባታ ከሆነ ቀኝ በኩል ያለው፤ ቀኙ ፕላን ይጠይቃል። ግራው «ጉድጓድ ከተቆፈረማ ግንባታ ነው» ይላል። ቀኙ «ጉድጓዱ የቆየ ከሆነማ ጥገና ነው» ይላል። አዲሱ ቋሚ ከአሮጌው ጉድጓድ አንድ ክንድ ፈቀቅ ቢልስ? ሁለቱም ዝም ይላሉ። ከበላይ አካል ማብራሪያ ይጠየቃል፣ በደብዳቤ፣ ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ግልባጭ ለአራት ክፍል። (ክፍል ማለት ነውር ነው ለካ። የሥራ ሂደት ለውጥ የመጣ ጊዜ «ክፍል» የነበረው «የሥራ ሂደት» ተብሏል፣ አለቃውም «አስተባባሪ» ሆነዋል። በሩ፣ ወንበሩና አግድሟ ጽሑፍ እዚያው ናቸው።)

ማብራሪያው ደረሰ እንበል። «እንደ አግባቡ ተፈጻሚ ይሁን» ይላል። ክፍያ ይከፈላል፤ ገንዘብ ያዡ በ9 ሰዓት ሒሳብ ስለሚዘጉ ከምሳ በኋላ የመጣ ለነገ ያድራል። ደብዳቤው ይተየባል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ይተየባል። የፈራሚው ስምና ማዕረግ ያለበት ቲተር ይመታል፣ ይፈረማል። በመጨረሻ ክቧ ትወጣለች። እዚህ ላይ እጅ መንቀጥቀጥ የለበትም፦ ፊርማውን ሳትነካ ካረፈች ደብዳቤው ማኅተም እንዳላገኘ ይቆጠራል፤ ፊርማው ላይ ከተኛችበት «የማን ፊርማ እንደሆነ አይለይም»፤ ቀለሟ ጥቁር ከሆነ «ይሄ ኮፒ ነው»። ሰፍነጉ ገና ቀለም የጠገበ ዕለት ደግሞ ፊደሎቹ ተደፍነው እንደ ተጋገረ ድፎ ዳቦ ክብ ብቻ ይቀራል።

ሰመረ። ደብዳቤው በእጅ ገባ። ግን ስድስት ሳምንት አልፎ ሁለተኛው ቋሚም ወድቋል፤ ደብዳቤው «አንድ (1) ቋሚ» ይላል። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ዋጋ የለውም። በነጭ ወረቀት፣ «ጉዳዩ፦»።

ትዕግሥቱ ያለቀ ሰው ቅዳሜ ማታ በጨረቃ ይተክለዋል። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ደንብ አስከባሪው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ያ ማክሰኞ ነዳጅ ያጣ መኪና ሞተሩ እንደሞቀ ከጎኑ ቆሟል።

አሁን ወደ ቋሚው አሟሟት እንመለስ። ከአጥሩ ሥር ቦይ አለ። የቦዩ ውሃ መንገዱን የሚያቋርጠው በቱቦ ነው፤ ቱቦው ግማሹ በደለል፣ ግማሹ በፌስታልና በውሃ ፕላስቲክ ተደፍኗል። የሐምሌ ውሃ መሄጃ ሲያጣ ወደ አጥሩ ይተኛል፣ ዋልካውን ያሳብጣል፣ ያችን የቋሚ ወገብ ወር ሙሉ ይዘፈዝፋታል። መፍትሔው ዝናብ ሳይገባ ግንቦት ላይ የቱቦውን ሁለት አፍ መክፈት ነው፤ አራት ሰው በአካፋ አንድ ቀን ይበቃዋል። የተወጣው ደለል ግን ከቦዩ አፍ ላይ እንዳይከመር፤ በመጀመሪያው ዶፍ ተመልሶ ይገባል። ይህን የሚፈቅድ ቢሮ ፈልጉ። መንገዱ የአንዱ፣ ቦዩ የሌላው፣ ውሃው የሦስተኛው፣ ደለሉ ከተራራ የመጣ የእግዜር ነው። ለቋሚው አራት ጠረጴዛ ነበረው፤ ለቱቦው አንድም የለው። ለቋሚው የሚለካ ሜትር ነበረ፤ ለቱቦው አካፋ የለም፣ በጀት የለም፣ «በቀጣይ ዕቅድ ተይዟል» ብቻ አለ።

አረቄ ቤት ያሉት ተከራካሪዎች እንግዲህ ይፍረዱ። ይህ ትልቅ መንግሥት ነው ትንሽ? ቋሚው ዘንድ ቆሞ ሰማይ ጠቀስ ነው፣ ቱቦው ዘንድ ሄዶ ድራሹ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ወርዷል፤ እስከ መሳቢያው ድረስ። መሳቢያው ተቆልፏል።

ያችን የበር ወረቀት ግን ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም ፊቷ ቆመዋል። ከቆላው፣ ከቀወት በኩል፣ የጣርማ በርን ዳገት በሌሊት መኪና ወጥተው የሚመጡ እናቶች አሉ፤ የለበሱት የቆላ ነጠላ ነው፣ ከተማው ውርጭ የሚያድርበት ከተማ ነው። ሰው ያነብላቸዋል፦ «ዓርብ ነው የሚሉት፣ እማማ።» ዓርብ ስንት ብር ነው? መሳፈሪያ ደርሶ መልስ፣ የማደሪያ፣ ቤት ጥለውት የመጡት ከብት። ሥልጠና የሚሄድ ሰው ማኅተሙን ለሌላ ሰው በፊርማ አስረክቦ መሄድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የርክክብ ቅጹም አለ። በጀት አያስፈልገውም፣ አዋጅ አያስፈልገውም። ይህን አለማድረግ የአቅም ማነስ አይባልም። ንቀት ነው። ሰው ንቆ የሚያድር ደግሞ ሚኒስቴሩ 9 ሆነ 28 ያው ነው።

ይሁን። ጭቃ ሹም በነበረበት ዘመንም ያለ በግ ድንበር አይታይም ነበር ይባላል። ቢያንስ ጭቃ ሹሙ ድንበሩ ላይ ቆሞ ነው የሚበላው።

ደግሞስ ሁሉን በመንግሥት ማላከክ ነውር ነው፤ ክቧን አሳድገን ለወግ ለማዕረግ ያበቃናት እኛው ነን። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌን ሲወልደው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ብሎ ነበር። ማኅበር፣ የነዋሪ። ማኅበሩ ማኅተም አስቀረጸ፤ ከጊዜ በኋላ ማኅበሩ ተረሳ፣ ማኅተሙ ቀረ። ዛሬ አከራይ ለአንድ ክፍል ቤት የቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ እቁብተኛ ዋሱን በማኅተም ያስይዛል። ከሁሉ የሚደነቀው ግን እድር ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ደግ ሕግ ነው። እድራችን ግን ድንኳኑን ራሱ ተክሎ፣ ንፍሮውን ራሱ ቀቅሎ፣ ሬሳውን በራሱ ትከሻ ተሸክሞ፣ አፈሩን በራሱ አካፋ መልሶ ሲያበቃ፣ በሳልስቱ ለቤተሰቡ እንዲህ ይላል፦ «የሞት ማስረጃውን ማኅተም አስመትታችሁ አምጡ።» ይህን የሚሉት የእድሩ ገንዘብ ያዥ የሣጥኑን የፊት እግር ይዘው የነበሩ ናቸው። ትከሻቸው ገና አልዳነም። ግን ትከሻ ወጪ ቁጥር የለውም።

አረቄ ቤት «መንግሥት ይቀነስ» ባዩ ሰውዬ ደግሞ የዚሁ እድር ጸሐፊ ናቸው። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው የእድሩን አሠራር የሚያዘምን ሐሳብ አቀረቡ፦ ክቧ ብቻ አትበቃም፣ ለገቢ አንድ፣ ለወጪ አንድ፣ አራት ማዕዘን ማኅተም ይቀረጽ፤ ድስት ለሠርግ የሚዋስ አባልም በማመልከቻ ይጠይቅ፤ ማመልከቻውንም ንብረት ክፍል «ታይቶ ይቅረብ» ብሎ ይምራ። አባላቱ አጨበጨቡ። «አነሰ» ባዮቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሥራ ላይ ግን አልዋለም። ቃለ ጉባኤው ማኅተም ይፈልጋል፤ ክቧ ያለችው ሰብሳቢው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰብሳቢው ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ አዲስ አበባ ሄደዋል። ከመሄዳቸው በፊት የእድሩ ቤት በር ላይ ወረቀት ለጥፈዋል።