እማማን «ስለ ሕይወትዎ ይንገሩኝ» አትበሏቸው

ለበዓል ደሴ ወይም ወልድያ የገባ ልጅ አባቱ ፊት ስልኩን ደቅኖ «እስቲ ስለ ሕይወትዎ ያጫውቱኝ» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ምን ይወራል ልጄ፣ ያው እንዳኖረን ኖርን።» ልጁም አባቴ ማውራት አይወድም ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን የጥያቄው ነው፤ ሰማንያ ዓመት በአንድ ጊዜ ተጎትቶ አይወጣም።

ጥያቄው ትንሽ ይሁን። «እማማ፣ የተዳሩበት ቤት በሩ ወዴት ይዞር ነበር? ምድጃው በየት በኩል ነበር? ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር?» ወረቀትና እርሳስ አምጥታችሁ ቤቱን አብራችሁ ሣሉት። መደቡ ጋ ስትደርሱ ማን ይተኛበት እንደነበር ሳትጠይቋቸው ይነግሯችኋል።

ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ዘመኑን በሚታወቅ ነገር ማሰር ይሻላል። የመሬት አዋጁ የካቲት 1967 ወጣ፤ ያኔ የሚድህ ልጅ ከነበረ የተወለደው በ1966 መጨረሻ አካባቢ ነው። ወሎ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ ክፉው ቀን፣ ማለት ረሃቡ፣ ሁለት ነው። የ1965–66ቱና የ77ቱ በልጆች ጆሮ ይቀላቀላሉ፣ የቤተሰቡም ታሪክ በአሥር ዓመት ይዛነፋል። «ጃንሆይ ነበሩ ወይስ ደርግ ገብቷል?» ብትሉ ይለያል። ወለጋ፣ ኢሉባቦር ወይም መተከል በሰፈራ የሄደ ዘመድ ከተነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የ77ቱ ነው።

ይህን ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን እናንተ አታንሱት። ራሳቸው ሲያነሱት ስንት ሰው እንደሞተ አትጠይቁ፤ «አብሮዎት ማን ነበር?» በቂ ነው። ዝም ካሉ ዝም በሉ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፤ ብዙ ወሬ የሚጠፋው አድማጩ ቸኩሎ ሌላ ጥያቄ ሲደርብ ነው። ዓይናቸው እንባ ካቀረረ ደግሞ ወሬውን ለሌላ ቀን አሳድሩት፤ አለመጨረስ ነውር የለውም።

መስማት ለሚያዳግታቸው መጮህ አይጠቅምም። በእርጅና ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፣ ጩኸት ደግሞ ድምፅን ያቀጥናል። ፊታችሁ ብርሃን ላይ ሆኖ፣ ደህና በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀምጣችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ ወፈር ባለ ድምፅ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።

ቡናው ያግዛል፤ ለቀረጻ ግን ያስቸግራል። ሙቀጫውና ሲኒው የተናጋሪውን ድምፅ ይውጡታል። አቦሉ የጎረቤት ወሬ ነው፣ እሱ ይለፍ። ከቶናው በኋላ ፈቃዳቸውን ጠይቁና ስልኩን ከረከቦቱ አርቃችሁ፣ የታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል አስቀምጡት። ጥሪ እንዳያቋርጠው ኔትወርኩን አጥፉ። አርባ ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ይደክማሉ። የት ላይ እንዳቆሙ ጻፉ፤ ነገ «ገበያው ጋ ነበር የቆምነው» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። ፋይሉን በስማቸውና በቀኑ ሰይማችሁ ያንኑ ማታ ለሌላ ወንድም ወይም እህት ላኩ፤ ስልክ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋው ብዙ ነው።

የዘር ሐረግ ስትቆጥሩ በአባት በኩል ብቻ አትውጡ። ወሎ ውስጥ በአንድ ሐረግ መሐመድም ገብረ ማርያምም ይገኛል፤ ይህን ሽማግሌዎቹ በኩራት ይቆጥሩላችኋል። የሴቶቹ ስም ግን ካልተጠየቀ አይነሳም። «የእናትዎ እናት ማን ይባሉ ነበር? ከየት አገር መጡ?» በሏቸው። ያችን ሴት በስሟ የሚያውቃት ሰው ዛሬ ምናልባት አንድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጧል።